ማንጠግቦሽ በአንጥረኛው ቤት

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ አምበር ገበያ የወጣ ሰው ጨው ሳይገዛ ሊመለስ ይችላል፤ ይህን ወሬ ሳይሰማ ግን አልተመለሰም፦ ማንጠግቦሽ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ያውም በአንጥረኛው በጀማለዲን ቤት፣ በሃምሳ ዓመቷ ተገላገለች! መጀመሪያ የነገረችው ሴት "ወለደች አሉ" ብላ ብቻ ነው ያለፈችው። ወሬው ከእህል ተራ ቅቤ ተራ ሲደርስ ልጁ ወንድ ሆነ፤ ከቅቤ ተራ ከብት ተራ ሲደርስ ደግሞ ጥርስ አብቅሎ መወለዱ ተረጋገጠ። ድረስ የሚባለው ባሏ አውድማ ላይ ጤፍ ሲወቃ ጎረቤቱ መጥቶ፣

"እንኳን ማርያም ማረችልህ" አለው።

"ማንን?"

"ሚስትህን ነዋ!"

"ከምን?" አለ ድረስ መንሹን እንደያዘ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ማንጠግቦሽ ምንም አልወለደችም። ማርቆስ የወረደችው ለልጇ ለየብርጓል የሰርግ ጉትቻ ልታሠራ ነው።

እሷ ራሷ ስትዳር ጆሮዋ ላይ ያበራው ጉትቻ የውሰት ነበር። በሦስተኛው ቀን ባለቤቲቱ አማቶቿ ቤት ድረስ መጥታ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ፣ ከጆሮዋ ላይ ፈታ ወሰደችው። ማንጠግቦሽ በዚያች ሰዓት የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም። ሴት ልጅ ስትወልድ ግን ስሟን የብርጓል አለቻት፤ ብሩ እስኪገኝ ስሙ ይቅደም ብላ ይሆናል። የነበራት ብር እናቷ ትታላት የሞተችው አንድ የእግር አልቦ ብቻ ነው። ጓደኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ አንድ እግር አልቦ ደግሞ ለማን ይሆናል? ስለዚህ ቀልጦ ጉትቻ ይሁን አለች። ሰርጉ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በዚያ ዘመን ብር የሚያሠራ ሰው ብሩን ሰጥቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። አንጥረኛ መዳብ ይቀላቅላል ተብሎ ስለሚታማ ባለብሩ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሲጠብቅ ይሰነብታል። ጀማለዲንም ይህን እንደ ስድብ አይቆጥሩትም። እንዲያውም ለጠባቂ ያዘጋጁት በርጩማ አላቸው፤ መሃሉ ከስንት ዓመት ጥርጣሬ የተነሳ ጎድጉዷል።

ማንጠግቦሽ እዚያ በርጩማ ላይ ተደላድላ፣

"አያ ጀማለዲን፣ ዓይኔን አላርገበግብም፤ ይወቁት!" አለች።

"አታርገብግቢ" አሉ ሽማግሌው ወናፉን እየነፉ። "ብቻ እንዳትፈዢ።"

ፈዘዘች። አልቦው በሸክላ ማቅለጫው ውስጥ ቀላ፣ ተልፈሰፈሰ፣ ከዚያ እንደ ቅቤ ወደ ራሱ ሰመጠ። የእናቷን እግር ሃያ ዓመት የዞረው ነገር ዓይኗ እያየ ጠፋ። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ማቅለጫው ውስጥ ከታች አንድ ነገር ተገለጠ፤ ክብ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከምንጭ ውሃ የጠራ። ጣራው በውስጡ አለ፣ እሳቱ አለ፣ አፏን የከፈተች አንዲት ሴትም አለች።

"አየኝ!" አለች። "አያ ጀማለዲን፣ ብሩ አየኝ እኮ!"

"እኔን አርባ ዓመት ሲያየኝ ኖረ፤ ገና አልለመድኩትም።"

ከዚያ ወዲያ ሰውየው መዳብ ቀርቶ በቅሎ ቢቀላቅሉበትም ማንጠግቦሽ አታይም ነበር። በማግስቱ ብሩ ተቀጥቅጦ፣ በብረት ቀዳዳ እየተሳበ እየተሳበ፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ የሚዞር ቀጭን ክር ሆነ። ጀማለዲን የክሩን ጫፍ እንደ ጤፍ ፍሬ አድርገው ከረከሙና ከሰል ላይ በተኑት፤ በቀጭን የመዳብ ቱቦ እሳቱን በአፋቸው ነፉበት። እያንዳንዱ ቁራጭ ቀላ፣ ብድግ አለና ድቡልቡል ሆነ። ሁሉም እኩል ክብ።

"ማነው የሚያድበለብላቸው?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው።

"ማንም።"

"እንዴት ማንም?"

"አባቴን ጠይቄው ነበር፤ እሱም አያውቅም።"

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ለአንዱ ጉትቻ አርባ ፍሬ በወረንጦ እየተለቀመ በአበባ ቅርጽ ይደረደራል። ጀማለዲን የመጀመሪያዋን ፍሬ አነሱና ጉትቻው ላይ ያሳረፏት መስሏቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። እንደገና አነሱ፤ አሁንም ጉልበታቸው ላይ። ዓይናቸው ያለቅሳል።

ማንጠግቦሽ አየቻቸውና ገባት። የዓይናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ በቅሎ ይወጋቸዋል። አምበር ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰው ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው፤ ወረንጦዋን ከመቀነቷ አትለይም።

"ወደ ብርሃኑ ይዙሩ" አለችና አሥራ አንድ ፀጉር ነቀለችላቸው። ሽማግሌው እፎይ አሉ። ወደ ፍሬው ተመለሱ። አሁንም ጉልበት ላይ።

ይህን ጊዜ ሚስታቸው መዲና ከጓዳ ወጣች። "እታለም፣ ልደብቅሽ አልችልም። ጥቃቅኑን ሥራ ማየት ካቆመ ዓመት አለፈው። ያንቺን የተቀበለው እምቢ ማለት አፍሮ ነው።"

ማንጠግቦሽ ከሰሉን አየች። አልቦ የለም፤ ጉትቻም የለም፤ ያለው እፍኝ የማይሞላ ፍሬና ክር ነው። ሌላው አንጥረኛ ደምበጫ ነው፤ ተሂዶ ተሠርቶ ለሰርጉ አይደርስም። የብርጓል በውሰት ጆሮ ልትወጣ ነው!

"እንግዲያው" አሉ ጀማለዲን፣ "አፍ ከኔ፣ እጅ ከአንቺ።"

"እኔ? እኔ ሊጥ እንጂ ብር ነክቼ አላውቅም!"

"ከሰው ዓይን ውስጥ የማይታይ ፀጉር የምትነቅል ሴት ይሄ አያቅታትም። ያዢ።"

አገሩ መዶሻ የጨበጠን ሁሉ ቡዳ እያለ የሚያማ አገር ነው። ማንጠግቦሽ ወደ ደጅ አየት አደረገችና "መዲና፣ እባክሽ በሩን ዝጊልኝ" አለች።

በቁርጥራጭ ብር ተለማመደች። መጀመሪያ ስትነፋ ፍሬዎቹ እንደ ቁንጫ ዘለሉ።

"ገለባ የምታነፍሺ መሰለሽ?" አሉ ጀማለዲን። "ትኩስ ወተት እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ! ትንፋሽሽ አይቆረጥ!"

ሁለት ቀን ጉንጯ እስኪያብጥ ነፋች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዋናውን ያዘች። አርባውን ፍሬ ደረደረች፤ ፍሬዎቹን የሚያያይዘውን ቶሎ ቀላጭ ብር በየመሃሉ ጣል ጣል አደረገች፤ ነፋች። ፍሬዎቹ ቀሉ። ድንገት ማያያዣው ብር ቀለጠና ከፍሬ ወደ ፍሬ ብልጭ እያለ ሮጠ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የገባ መብረቅ ነው የሚመስለው፤ ግን በአውራ ጣት ስፋት፣ በሷ ትንፋሽ።

አገሯ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየች ሴት የምታደርገው አንድ ነው። ቱቦውን ከአፏ ነቀለችና፣

"እልልልልልል!"

ማያያዣው የደረሰላቸው ፍሬዎች ተያዙ፤ ያልደረሰላቸው በእልልታው ተጠርገው አመድ ገቡ። ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ። በዝግ በር ውስጥ ስትሰነብት የታየች ሴት፣ ከዚያ እልልታ፣ ሌላ ምን ይታሰባል?

"ወንድ ነው ሴት?" አሉ ከውጭ።

"ሃያ ሦስት!" ብለው ጮኹ ጀማለዲን፣ አመዱ ላይ በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ። "ሃያ ሦስት ወደቁ!"

ሴቶቹ ቁጥሩን ሊያምኑት አልቻሉም። መውለዷን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ወሬው ሎንቺና ተሳፍሮ አምበር ገባ።

መዲና የዱቄት ወንፊቷን አመጣች፤ ሦስቱ አመድ ሲነፉ አመሹ። ሃያ ሁለት አገኙ፤ ለጠፋችው አንዲት ሌላ አድበለበሉ። በማግስቱ ማንጠግቦሽ እንደገና ደረደረች። ብልጭታው ሲሮጥ መንፋቷን አላቆመችም። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ከቱቦው ላይ ይንጠባጠባል፤ የእግሯ ጣቶች ብቻ መሬቱን ይቧጥጣሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ቅዳሜ ረፋድ ጉትቻዎቹ በሎሚና በጨው ተቀቅለው ነጥተው ሲወጡ ጀማለዲን በጣታቸው ዳበሷቸውና መዳፏ ላይ አኖሩላት። እሷም ዓይናቸው የከዳቸውን ሽማግሌ እጅ ሳመች።

እሁድ የብርጓል ዳስ ውስጥ ስትገባ ጆሮዋ የራሷ ነበር። የሙሽራው አባት፣ የቁዩ ግራዝማች አለበል፣ የተወራውን ሕፃን በዓይኑ ከሚፈልገው እንግዳ መካከል ጉትቻውን ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ይህስ የአዲስ አበባ እጅ ነው" አሉ። "ማነው የሠራው?"

ድረስ ሚስቱን ጎሸም አደረጋት። ዝም በይ ማለቱ እንደሆነ ብታውቅም አልሰማችውም።

"ያቀለጡት አያ ጀማለዲን ናቸው፤ ፍሬውን የደረደርኩትና የነፋሁበት እኔ ነኝ።"

ግራዝማች ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"እርስዎ? በገዛ እጅዎ? የአንጥረኛ ሥራ?"

የብርጓል ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። አንዲት አሮጊት አማተበች። ማንጠግቦሽ ግን እንደተናቀ ሰው አንገቷን አልደፋችም። እሳት ያጠቆረውን አውራ ጣቷን እያየች፣ የተደበቀባት ነገር እንዳለ ሰው፣ ዳሱን በሙሉ ጠየቀች፦

"ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ኖሮ ማንም አልነገረኝም። እናንተ ታውቁ ነበር?"