በሁሉም ፊት የሚበራው ኮምፒውተር

ወልቂጤ ውስጥ ከማስተማር ሥራዬ የሚተርፈኝን ጊዜ የምሰጠው ለአንድ የምስጠራ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ቤት ማለቴ አይደለም። ሌሎች ባለሙያዎች ምስጢር መጠበቅ ሲያስፈልጋቸው ወስደው በየፕሮግራማቸው ውስጥ የሚያስገቡት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቅ ሥራ ነው። ከዚህ ሰፊ ሥራ ውስጥ የእኔ ድርሻ ጠባብ ነው። አንድ ፕሮግራም ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ሲያስፈልገው የኮምፒውተሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጠይቆ የሚያመጣለትን ክፍል እጠብቃለሁ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይህን ቁጥር ከምንም አይፈጥረውም። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ በሁለት የጣት ምቶች መካከል ያለፈውን ቅጽበት፣ ዲስኩ መልስ ለመስጠት የዘገየባትን ጥቂት ጊዜ፣ ከውጭ የሚመጡ ትንንሽ ድንገተኛ ነገሮችን እየለቀመ ያከማቻል። የሙያው ሰዎች ኢንትሮፒ ይሉታል፤ እኔ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ያልታሰበ ነገር ክምችት እለዋለሁ። ችግሩ ሁሉም ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ዓይነት መንገድ አለመጠየቁ ነው። አንዱ በዚህ በር፣ ሌላው በዚያ በር ይጠየቃል፤ አዲስ ቅጂ ሲወጣ በሩ ይቀየራል። በሮቹን እየተከታተሉ ማስተካከል ድካሙ የማይታይ ሥራ ነው። በደንብ ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ይህም ለጠባዬ ይስማማኛል።

ከእኔ በፊት ይህን ክፍል ይጠብቅ የነበረ ሰው ትቶት የሄደ አንድ የኮድ አንቀጽ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መልስ ካልሰጠ፣ ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ራሱ ሲነሣ የተሰጠውን ተራ ቁጥር አዋህዶ ከዚያ ቁጥር እንዲያወጣ ያዛል። ጠያቂው ልዩነቱን አያውቅም፤ ቁጥር ጠየቀ፣ ቁጥር ተሰጠው። ሰዓቱንና ተራ ቁጥሩን ያወቀ ሰው ግን ይገምተዋል። ይህ አንቀጽ ተነሥቶ ፕሮግራሙ እንዲቆምና አለመቻሉን እንዲናገር ሐሳብ አቅርቤ ነበር። በሌላ አገር የሚኖር፣ በአካል የማላውቀው ባልደረባዬ ተቃወመኝ። ሰው የሚፈልገው የሚሠራ ፕሮግራም እንጂ የሚያኮርፍ ፕሮግራም አይደለም ብሎ ጻፈ። ለመሆኑ ሰዓቱ እንኳ የማይታመን ኮምፒውተር ዛሬ የት ይገኛል ሲልም ጠየቀኝ። የማሳየው ምሳሌ ስላልነበረኝ ሐሳቡ ሳይወሰን ተንጠልጥሎ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እኅቴ ከቡታጅራ ደወለችልኝ። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«ሌባ አሉኝ» አለችኝ።

እኅቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈሯ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ዳኛ ናት። ከሰኔ ጀምሮ እያንዳንዷ ሴት በየእሑዱ የተመዘነ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታመጣለች፤ የተሰበሰበውን በየሳምንቱ አንዷ ትወስዳለች። የመጨረሻዋ ተራ የምትውለው መስቀል ሊገባ ሲል ነው። ክትፎ ያለ ቅቤ አይቀርብም፣ እንግዳው ብዙ ነው፣ ቅቤ በዚያ ሳምንት በገበያ ይወደዳል። ስለዚህ ሁሉም የሚመኘው ያንን ተራ ነው። ቀድሞ ዕጣው በተጠቀለለ ወረቀት ይወጣ ነበር። አምና ግን የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ስም አደበላልቆ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም በአሮጌው ኮምፒውተሯ ላይ ጫነላት። የፎቶ ኮፒ ሥራዋ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ስለተዛወረ አሮጌው ለዕቁቡ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በዚያው ዓመት የመስቀሉ ተራ ለእኅቴ ወጣላት። ሴቶቹ እልል ብለው አሳለፉት። ዘንድሮም ለእርሷ ወጣ። አንዷ ጎረቤቷን ስታይ፣ «አንቺ አምናም ከእኔ ቀጥለሽ ነበር» አለች፤ ሌላዋም የራሷን አስታወሰች። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ የአምናው ተራ ነበር የወጣው። እኅቴ የአምናውን ደብቃ አኑራ ለራሷ እንዲመች እንዳወጣችው ተቆጠረ። የመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ማንም ሳይነካው እቤቷ ቀረ፤ በቀጣዩ እሑድም ሌላ ዳኛ ሊመርጡ ተቀጣጠሩ።

«ቅቤውን ይውሰዱት» አለችኝ። «ዳኝነቱንም ይውሰዱት። ግን በሌብነት ወረደች ተብሎ እንዴት በዚያ ገበያ አልፋለሁ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አረቅጥ ላይ ጭጋጉ ስለበረታ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ፤ እኔም በመንገዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳገላብጥ ቆየሁ። በትክክል የተደበላለቀ የስም ተራ በሁለት ዓመት ተመሳሳይ ሆኖ ሊወጣ አይችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወይ እኅቴ ዋሽታለች፣ ወይም አልተደበላለቀም። የመጀመሪያውን ከልቤ ማውጣት ቀላል ነበር፤ ሁለተኛው ግን መረጋገጥ ነበረበት።

ቤት እንደደረስኩ፣ «እትዬ፣ ዕጣ ስታወጪ የምታደርጊውን ሁሉ እንዳለ አሳዪኝ» አልኳት።

አሮጌው ኮምፒውተር ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

«መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥለው ሁልጊዜ እነቅለዋለሁ» አለች። «የዕጣ ቀን ሁሉም ከተሰበሰቡ በኋላ ጨርቁን እገልጣለሁ፣ እሰካለሁ፣ አበራለሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ይነሣል፤ እኔ አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው የምነካው። አስቀድማ ነካክታዋለች እንዳይሉኝ እኮ ነው በሰው ፊት የማበራው!»

አበራችው። በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ቀን የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ነበር፤ ዓመቱም ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ሳይሆን አይቀርም። ክዳኑን ፈትቼ አየሁት። ኮምፒውተር ከመብራት ተነቅሎም ሰዓቱን እንዳይረሳ የምታደርገው ክብ ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ቀጥሎ ጠጋኙ የጫነውን ፕሮግራም መረመርኩ። ውስጡ ያለው የእኛ ላይብረሪ አሮጌ ቅጂ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ከዚያም የባሰ አሮጌ ስለነበር ላይብረሪው የሚያንኳኳው በር አልነበረውም። መልስ ሲያጣ ወደዚያ ወደማውቀው አንቀጽ ሄዶ ከሰዓቱ ይቀዳል። ሰዓቱ ደግሞ በበራ ቁጥር ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ፕሮግራሙም ሁልጊዜ ራሱ ስለሚነሣ ተራ ቁጥሩ ያው ነው።

ነቅዬ አበራሁ፤ ያው ተራ ወጣ። እንደገና ነቅዬ አበራሁ፤ የተለየ ወጣ። ዲስኩ ሲነሣ ለቅጽበት ዘግይቶ መሆን አለበት። በቀጣዩ ሙከራ የአምናው ተራ ተመለሰ።

እኅቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ቀኑን ሙሉ በርቶ ቢውል ኖሮስ?» አለች።

«ቢውልም ከተነሣበት ሰዓት ነው የሚቀዳው። ከግድግዳው ባይነቀል ኖሮ ግን ሰዓቱ አይጠፋም ነበር።»

«እንግዲህ ጥንቃቄዬ ነው ያዋረደኝ» አለችና ጨርቁን መልሳ አለበሰችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። ክሱን የምትመራው ቆጮ ነጋዴ ነበረች፤ ተቀምጣም ነጠላዋን አላላላችም። ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤት ዙህር ሰግዳ ዘግይታ ገባችና፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ሳልመጣ ሰቀላችኋት እንዴ?» ብላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ስለ ኢንትሮፒ ምንም አላልኩም። ኮምፒውተሩ ሲነቀል ሰዓቱን እንደሚረሳ፣ ሲበራም ሁልጊዜ ከአንድ ቀንና ከአንድ ሰዓት እንደሚጀምር፣ ዕጣውንም ከዚያ ሰዓት እንደሚያወጣ ብቻ ነገርኳቸው። ከዚያም ቆጮ ነጋዴዋን ራሷ እንድትነቅል፣ ራሷ እንድትሰካ፣ ቁልፉንም ራሷ እንድትነካ ጠየቅኳት።

«እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም» አለች።

«እርሱም አያውቅሽም፤ ለዚህ ነው የተመረጥሽው» አለች ጨርቅ ሻጯ።

ነቀለች፣ ሰካች፣ ነካች። የአምናው ተራ በስክሪኑ ላይ ወረደ። አንዳንዶቹ ማንበብ ስለማይችሉ ጨርቅ ሻጯ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ እያንዳንዷ ስሟ ሲጠራ በዚያው ቦታ መሆኗን ሰማች።

«ወላሂ ልክ እንደ ሰውዬዬ ነው!» አለች አንብባ ስትጨርስ። «እሱም ከእንቅልፉ ሲነሣ የትናንቱን ወሬ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምርልኝ።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ቆጮ ነጋዴዋ ግን አልሳቀችም። «እሺ፣ ማሽኑ ነው እንበል» አለች። «ታዲያ የማሽኑ ስሕተት ለምን ለዳኛዋ አደላ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ለአንዷ መድረሱ እንደማይቀር፣ ያቺ አንዷ ደግሞ እኅቴ ሆና መገኘቷን ብቻ መለስኩላት። መልሱ ለእኔ በቂ ነበር፤ ለእርሷ አልነበረም።

ያኔ እኅቴ ተነሣች። «በወረቀት ይደገም» አለች። «እኔ አልነካም። ፊቴንም አዞራለሁ።»

ማን ያውጣ የሚለው ክርክር አስነሣ። አንዷ፣ «መስቀል ስለማይመለከታት ጨርቅ ሻጯ ታውጣ» አለች።

«ማን ነው የማይመለከተኝ ያለሽ?» አለች ጨርቅ ሻጯ። «ቅቤ ሃይማኖት አለው? እኔም እኮ መስከረም ላይ ልጄን እድራለሁ!»

በመጨረሻ የከሰሰችው ራሷ እንድታወጣ ተስማሙ። ስሞቹ ተጽፈው ተጠቀለሉ፣ በሰፌድ ላይ ተንጓለሉ። እኅቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ቆጮ ነጋዴዋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ አንድ በአንድ አነሣች፤ ጨርቅ ሻጯ አነበበች። ተራው ከአምናው ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። የመጨረሻዋ ወረቀት ሰፌዱ ላይ ብቻዋን ስትቀር ግን ያልተጠራው የማን ስም እንደሆነ ሁሉም አወቁ። እኅቴም ከዝምታው ሳይገባት አልቀረም፤ ሳትዞር፣ «ለሌላ ስጡት፤ እኔ አልፈልገውም» አለች።

ዕድል ያለፈውን አያስታውስም፤ አምና ያገኘችውን ዘንድሮ ይለፋት አይልም። ይህን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ግን እኔ ብናገረው ማንም አያምነኝም ነበር።

ቆጮ ነጋዴዋ ወረቀቷን ፈታች፣ ለጨርቅ ሻጯ አሳየቻት፣ ከዚያም ሄዳ በእኅቴ መዳፍ ውስጥ አኖረቻት።

«ይቺን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለሌላ ይሰጥ ካልሽ እጄ ሌባ ነው ማለትሽ ነው። የወጣልሽን ትወስጃለሽ፣ ዳኛ። በይ አሁን የመጀመሪያውን ሳምንት ቅቤ አምጪ፤ ባለተራዋ ትጠብቃለች።»

እኅቴ ቅቤውን ለማምጣት ወደ ጓዳ ገባችና ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። የጠራት አልነበረም።

ወልቂጤ ተመልሼ ሐሳቡን እንደገና ከፈትኩት። የኮምፒውተሩን ሁኔታ፣ የባትሪውን መሞት፣ ከመብራት የሚነቀልበትን ምክንያትና በሰው ፊት የሚበራበትን ልማድ በተራ ጻፍኩ። ስለ ቅቤው አልጻፍኩም። ባልደረባዬ በማግሥቱ፣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አስቦ እንደማያውቅ ገልጾ ተስማማ። አንቀጹን ሰረዝኩ፤ በቦታው ፕሮግራሙን የሚያቆምና ምክንያቱን የሚናገር አጭር ቃል አስገባሁ። ለየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፈተናዎቹን አስኬጄ፣ ሁሉም ካለፉ በኋላ ለውጡ ተቀባይነት አገኘ።

ጠጋኙ አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ እንደጫነው እኅቴ ደወለች።

«አልችልም አለ» አለችኝ። «የማይገመት ቁጥር አላገኘሁም ይላል፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።»

«ልክ ነው እትዬ። እንዲህ እንዲል ነው ያደረግሁት።»

ከበስተጀርባዋ የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት እየጎተተ ሲያወጣ ይሰማ ነበር።

«ታዲያ አምና እንዲህ ቢል ምን ነበረበት?» አለች። «ወረቀት መጠቅለል መቼ ያቅተን ነበር።»