ጨምሪልኝ

የእኅቴ ልጅ ማርታ ገና አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛውን ኩባያ ውሃ ጨልጣ ባዶውን ዘረጋችልኝ። በደባርቅ ብርድ እንዲህ ውሃ የሚጠማው ሰው የለም። ቀሚሷም ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል።

ልጅ ሆኜ፣ ዳባት ሳለን፣ ታናሽ ወንድሜ እንዲሁ ነበር። ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ጀመረ፤ የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይርመሰመስ ነበር። ቄሱ አያቴ ጠበል ወሰዱት። እየቀዳሁ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ትንፋሹ ጠጅ ጠጅ ይሸት ነበር። “ጨምሪልኝ” አለኝ፤ ጨመርኩለት።

“ጠበሉን እንዴት እንደወደደው አየሽ ልጄ? ምሕረቱ እየወረደለት ነው” አሉኝ አያቴ፣ ደስ ብሏቸው።

በሳምንቱ ቀበርነው። ስኳር በሽታ ሕፃንንም እንደሚይዝ ያወቅሁት ዘግይቼ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ከመጽሐፍ ነው።

“አልጋዋን ታረጥባለች?” አልኳት እኅቴን።

“ሰሞኑን አዎ። አንቺ ደግሞ ያነበብሽውን በሽታ ሁሉ ልጄ ላይ ትለጥፊያለሽ” ብላ ሳቀች።

“ነጠላሽን ልበሺ። አሁኑኑ ሄደን የደሟን ስኳር እናስለካ።”

ሳቋን አቆመች። ማርታ ኩባያውን እንደዘረጋች ነበር።

“ጨምሪልኝ” አለች።

ቀዳሁላት። ትንፋሿን ለማሽተት ጎንበስ ማለት ግን ፈራሁ።