በወጥመድ የሞተችው ጅግራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመርሳ ወጣ ባለው መንደራችን፣ አያቴ ሸህ እንድሪስ ወጥ እስኪደርስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። እሳቸው ሲያወሩ እኔ እንጨት እቆጥራለሁ፤ ሦስተኛው ጉማጅ ፍም ሲሆን ተረቱ እንደሚያልቅ ደርሼበት ነበርና።

አንድ ሰሞን ስጋ ከቀመስን ሰባት ጁምዓ አልፎን ነበር። ማሽላችንን ከወፍ የምጠብቀው እኔ ስለነበርኩ፣ ጅግራ ለመያዝ የፈረስ ጭራ ወጥመድ ዘረጋሁ። ከዚያ ጨዋታ ይዞኝ ሳላየው አደርኩ። በማግስቱ ስሄድ ጅግራዋ ሞታ፣ በድን ሆና አገኘኋት። ሳይታረድ የሞተ በክት እንደሆነ፣ በክትም ለእኛ ሐራም እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ስጋው አጓጓኝና አንገቷን በማጭድ ቆርጬ ቤት ወሰድኳት። «አንድ መንገደኛ በቢስሚላህ አረደልኝ» አልኩ።

ማታ ድስቱ ሲንተከተክ አያቴ ጀመሩ።

«አንድ አዳኝ ነበር። ወጥመዱን ዘርግቶ ይተኛል፤ ጠዋት ሞቶ ያገኘውን ‹አርጄዋለሁ› እያለ ሰው ያበላል። አንድ ቀን ጎርሶ ሲውጥ፣ ከሆዱ ውስጥ ‹ስሞት የት ነበርክ?› የሚል ድምፅ ሰማ። አፉን ቢይዘው በጆሮው ወጣ።»

«ኧረ አባባ፣ ልጆቹን አስፈራርተው ሙዳውን ለብቻዎ ሊበሉ ነው!» አለች እናቴ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ድስቱን አያለሁ፤ ክዳኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጅግራዋ ከውስጥ የምትጣራ ይመስለኛል።

እናቴ ቅልጥሙን ለአያቴ አቀረበች። ወደ ኩራዙ ጠጋ አድርገው አዩት። «ስጋው ምነው ጠቆረ? ደሟ አልወጣም እንዴ?»

አያቴ በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን እንኳ በክት ሳይቀምሱ ያለፉ ሰው ናቸው። አሁን በእኔ ምክንያት ሊጎርሱ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ዘልዬ ያዝኳቸው።

«አባባ ተዉት! ሞታ ነው ያገኘኋት!»

አያቴ ስጋውን አስቀመጡና እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጠቡ።

«ነፍሱን ለማዳን የበላውን አላህ ይምረዋል። አንቺ ግን እኔን ሳላውቅ ልታበይኝ ነበር።»

አልመቱኝም። ጠዋት እጄን ይዘው ወደ ማሽላው ወሰዱኝ። በወጥመዱ ዙሪያ መሬቱ በእግሯ ተቧጥጧል፤ ትናንት ሳነሳት አላየሁትም።

«ጭረቱን ቁጠሪ» አሉኝ።

አርባ ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ይህን ሁሉ ስትቧጥጥ አጠገቧ ማን ነበር?»



ከባዶ ተነስቼ ዛሬ ወልድያ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ፍየል በታረደ ቁጥር አጠገቧ እቆማለሁ። «እትዬ፣ አያምኑንም እንዴ?» ይሉኛል ሠራተኞቼ። አምናቸዋለሁ። ግን ስትሞት አጠገቧ ካልቆምኩ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ በጉሮሮዬ አይወርድም።