ጋሽ እንደሻው የፋቁት የወንዝ ስም

ጋሽ እንደሻውን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። እኔም ልጆቼም ለመታወቂያ ፎቶ የተነሳነው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ሐረር፣ አቦከር መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ ያለፈ ቅርበት የለንም። ይህን የምጽፈው እሳቸውና ጎረቤታቸው ዘሀራ ከነገሩኝ ነው፤ ያጎደልኩት ይኖራል።

ፎቶ ቤታቸው ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ካሉበት ቁልቁለት አፍ ላይ ነው። እንጀራቸው ሠርግና ጉርድ ፎቶ ነው፤ ፍቅራቸው ግን መንገድ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ካሜራቸውን አንግተው ይወጣሉ። ጅቡቲ ሄደው የጨው ሐይቅ አንስተዋል፤ አንድ ጊዜም ሞምባሳ ድረስ ዘልቀው የባሕር ማዕበል ይዘው ተመልሰዋል። ሁሉም ከሙሽሮቹ ጎን ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ግርጌ ቦታውና ወሩ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ሙያውን ያስተማሯቸው አባታቸው እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ስም የሌለው ፎቶ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው ይሉ ነበር አሉ።

ከሁሉ የሚወዱት የባቢሌዋን ዝሆን ነበር። ግልገሏን ከሆዷ ሥር አድርጋ ውኃ ስትጠጣ የተነሳች ናት፤ ጥርሶቿ ረጃጅም ናቸው። እዚያ ያደረሳቸው የዝሆኖቹ መጠለያ ጠባቂ ነስሮ ነው። ፎቶው የተሰቀለ ዕለት ጨርቅ ሻጯ ዘሀራ ገብታ፣ "አቦ ጋሼ፣ ይቺን ደግሞ መቼ ዳሯት?" ብላ አስቃቸዋለች። ከግርጌው እንደ ልማዳቸው የወንዙን ስም ጽፈውበት ነበር።

ባለፈው በጋ ሁለት ሰዎች ጉርድ ፎቶ እንነሳለን ብለው ገቡ። አንዱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሌላው ዝሆኗ ፊት ቆመ። ጣቱን ጥርሷ ላይ አድርጎ፣ ከመኪና መንገዱ በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ጠየቀ። ጋሽ እንደሻው አስጎብኚ መስሏቸው መንገዱን መናገር ጀመሩ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ወደ ግርጌው ጽሑፍ አስጠግቶ አነሳው። ያን ጊዜ የዝሆን ጥርስ አዳኞች መሆናቸው ገባቸው። ሰዎቹ ፎቶአቸውን ሳይጠብቁ ወጡ።

ነስሮ ጋ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። ደጋግመው ሞከሩ። እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ነጋና በመጀመሪያው ሚኒባስ ባቢሌ ወረዱ። ነስሮ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣቸውም፤ ጠመንጃውን አንስቶ ከፊት ቀደመ።

ወንዙ ዳር ገና ያልበረደ አመድ አገኙ። አጠገቡ የሲጋራ ቁራጭ፣ ሰው የተኛበት የተጋደመ ሣር። ከቁልቋሉ ሥር በደረታቸው ተኝተው ጠበቁ። ኮሽ ባለ ቁጥር ወይ ሰዎቹ ናቸው ወይ ዝሆኗ ናት፤ የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራ አላወቁም። ጋሽ እንደሻው ሳያስቡት ካሜራቸውን ከቦርሳ ሲያወጡ ነስሮ እጃቸውን ያዘ።

"ወላሂ ጋሼ፣ ድምፁን ከሰሙ እኛም አንተርፍም።"

ከሰዓት በኋላ ከማዶ አንድ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጋሽ እንደሻው ፊታቸውን አሸዋው ውስጥ ቀበሩ።

የተኮሱት የነስሮ ባልደረቦች መሆናቸውን፣ ያም ሰዎቹን ለማባረር ወደ ሰማይ መሆኑን የሰሙት በማግስቱ ነው። ሰዎቹ አልተያዙም። ዝሆኗም ዳግመኛ ወደ ወንዙ አልመጣችም።

ሐረር ሲመለሱ ምላጭ ይዘው ከየፎቶው ግርጌ ስሙን ፋቁ፤ የጅቡቲውን ሳይቀር፣ የሞምባሳውን ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ነስሮ ሲደውል ስልኩን ቶሎ አያነሱም፣ በእጃቸው ይዘው ያዩታል ትላለች ዘሀራ። በሩ በተከፈተ ቁጥርም ከሚገባው ሰው ፊት ይልቅ መጀመሪያ ጫማውን ያያሉ፤ የገጠር መንገድ አቧራ ያለበት እንደሆነ።

ሰሞኑን ጉርድ ፎቶ ልነሳ ገብቼ አሮጌው የዝሆኗ ፎቶ ወርዶ በምትኩ አዲስ ተሰቅሎ አየሁ። ያቺው ዝሆን ናት፤ ግልገሏ አድጓል። ከኋላቸው የማላውቀው ገደል ይታያል፣ ግርጌው ባዶ ነው። በሕይወት አለች ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ሳላስብ፣

"ጋሽ እንደሻው፣ የት አገኟት?" አልኳቸው።

በሩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ጫማዬንም። ወንበሩን ወደ መብራቱ ሳቡት።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ፣ "አገጭህን ቀና አድርግ።"