የእትዬ ኦርኔታ ነጭ ጓንት

መጀመሪያ ያየሁት በእትዬ ኦርኔታ ነጭ ጓንት ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ነጥብ ነው። ጠዋት ስኳራቸውን ለመለካት ከወጓት ሌባ ጣታቸው የወጣች ደም ናት። በአሜሪካ፣ ሜምፊስ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ጓንቱን አጥልቀው ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ ቦታ እየፈለጉ ማስቀመጥ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ዝማሬው እንዳይታወክ አይናገሩም፤ ወደ ፊት እየሄዱ አንድ እጃቸውን ከወገባቸው ኋላ ያደርጉና፣ ስንት ክፍት ወንበር እንዳለ በር ላይ ለቆመችው ባልደረባቸው በጣታቸው ያሳያሉ።

የዚያን እሑድ ያነክሱ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ደረጃው ላይ ጫማቸውን ሳወልቅላቸው የእግራቸው አውራ ጣት ቆስሎ ጠቁሮ አገኘሁት።

"ሐኪም አላዩም?"

"ድንገተኛ ክፍል ሦስቴ ሄጃለሁ። ጠቅልለው 'መደበኛ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ' ይሉኛል። ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ እሄድ ነበር!"

የሰፈራችን ክሊኒክ ከተዘጋ ቆየ። አሁን ያለው በነጮቹ ሰፈር ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። እትዬ ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ዘግይተው ቀጠሯቸው ተሰርዟል።

"ድንገተኛ ክፍል ዘገየሽ ብሎ አይመልስሽም፤ አምስት ሰዓት ይጎልትሻል እንጂ። የማገኘውም የኛኑ ሰፈር ሰው ነው። ግማሹ መዘምራን እዚያ ነው፤ የቀረን ፓስተሩ ብቻ!"

ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ክሊኒኩ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ካመለጠኝ ሌላው ከአራት ወር በኋላ ነው። ይቺ ጣት አራት ወር አትጠብቀኝም፣ ልጄ።"

"እኔ አደርስዎታለሁ።"

"በዚያች ቆርቆሮ መኪናሽ? መንገድ ላይ ስትቆም ማናችን ነን የምንገፋት?"

"እርስዎ ይቀመጡ። ዕድሜ ልክዎን ሰው ሲያስቀምጡ ኖረው የለ?"

"ሁለት ሰዓት ላይ ደጄ ላይ ነኝ" አሉኝ።

ሐሙስ የሟች ባላቸውን ሰፊ ጫማ ተጫምተው፣ እጃቸው ላይ ግን ነጩን ጓንት አጥልቀው ጠበቁኝ።

"ጓንቱ ለምንድን ነው፣ እትዬ?"

"ሰው መሆኔን እንዳይረሱት።"

ለቀጠሮው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረን ክሊኒኩ ደረስን። ልወርድ ስል "ተቀመጪ!" ብለው ገሠጹኝና በዚያ ትልቅ ጫማ ቀስ እያሉ ገቡ። በክሊኒኩ መስታወት ውስጥ አያቸዋለሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቷን አየች፣ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ወደ ውስጥ አመለከተቻቸው።

እትዬ ኦርኔታ ዞረው አላዩኝም። እንደ እሑዱ እጃቸውን ከወገባቸው ኋላ አድርገው ቀይ ነጥብ ያላትን አንዲት ጣት ቀሰሩልኝ፤ እንደዚያው እንደቀሰሯት በረጅሙ ኮሪደር እያነከሱ ሄዱ።