ከወጨጫ አለት ላይ የተዘረጋው ዱላ

ወይዘሮ የኔነሽ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ካለበት ከአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር ሲደርሱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። አጎታቸው ከአምቦ ማዶ በጭነት መኪና፣ በሸራ ሸፍኖ አመጣቸው፤ «እዚህ ያድኑሻል» ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሊጠይቃቸው አልመጣም። የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን ጨርሰው ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ከተረጋገጠ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗል። በሽታው የሁለት እጆቻቸውን ጣቶች አጣጥፎ፣ ውስጥ እግራቸውን አደንዝዞ ሄዷል። መዳናቸው ከሰፈሩ ሰው የተሰወረ አልነበረም።

ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርችረው ሁለት ሴት ልጆች ዳሩ። ማታ ማታ እግራቸውን ታጥበው በመስታወት ይመረምራሉ፤ እሾህ ቢወጋቸው ሕመሙ ስለማይነግራቸው ዓይናቸው ይነግራቸዋል። ጫማቸውንም ጋዲሳ የሚባል ጫማ ሰፊ አንዲት ሚስማር ሳያስገባ በማስቲሽ ብቻ ይሠራላቸዋል።

ከደጃፋቸው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ወጨጫ ተራራ ይታያል። ከአርባ ዓመት በላይ ከታች ሆነው አይተውታል። የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ድንጋያማው ጫፍ ላይ ቆመው ፀሐይ በሰፈራቸው ላይ ስትወጣ ማየት። «በሸራ ተሸፍኜ የገባሁበትን ከተማ አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን አላየሁትም» ይሉ ነበር።

ስለዚህ የሰፈሩ የእግር ጉዞ ቡድን «ለሁሉም ክፍት» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ ተመዘገቡ። ስማቸውን በገዛ እጁ የጻፈው ተክለሃይማኖት የተባለው አስተባባሪ ነው፤ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ በመሥሪያ ቤቱ ስለ አካታችነት ሥልጠና የሚሰጥ ሰው። ሥልጠናውን የምጠቅሰው አላወቀም ነበር የሚል መከላከያ እንዳይቀርብለት ነው።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ አሥራ አራቱ ተጓዦች ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በሚኒባስ ተነሡ። ወይዘሮ የኔነሽ በኋላ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ሁለት ሰዎች ግን ከጎናቸው ከመቀመጥ ከሾፌሩ አጠገብ በሞተሩ ሽፋን ላይ ተጣበው መሄድን መረጡ። የጨዋ ሰፈር ነውር ድምፅ የለውም።

ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ አስተባባሪው ቀረብ አለ፤ ብዙም አልቀረበም።

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ሆነው ዕቃ ይጠብቁልን። ለእግርዎ አስበን ነው።»

«ለእግሬ ያሰበልኝስ ጋዲሳ ነው» ብለው ጫማቸውን አነሥተው አሳዩት። «አንተ ለራስህ አስብ፤ ቦርጭህ ዳገት አይወድም።»

ሰው ሳቀ። ጉልበቷን በፋሻ የጠቀለለችውን ሌላዋን ተጓዥ ብርቅዬን ዕቃ ጠብቂ ያላት እንዳልነበረ እዚህ ላይ ይመዝገብ።

አቀበቱ ሃምሳ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ወይዘሮ የኔነሽ በየሩብ ሰዓቱ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ጎረቤታቸው ሌሊሴ በስልኳ ታበራላቸዋለች።

«እትዬ፣ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ይልቅ ያንቺን እንይ፤ በዚህ ስስ ሸራ ጫማ ተራራ የምትወጪ!»

ከጫፉ በታች የሰው ቁመት የሚያህል አለት አለ። ተክለሃይማኖት ቀድሞ ወጣና ተንበርክኮ ሌሎቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዞ ሳባቸው። አሥራ ሁለት ሰው ሳበ። የወይዘሮ የኔነሽ ተራ ሲደርስ ምሥራቁ ቀልቷል። አስተባባሪው ብድግ አለ፤ የጉዞ ዱላውን አነሣና ጫፉን ዘረጋላቸው።

«ይህን ይያዙ።»

«በየትኛው ጣቴ?»

«አለቱ ያዳልጣል፣ እማማ፤ ዱላ ይሻላል።»

«አሁን ብርቅዬን ስትስብ አላዳለጠህም። ምን ነካው እጅህን፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ክንዳቸውን ይያዟቸው እንጂ!» ብላ ሌሊሴ ጮኸች። ልትወርድ ስትል ሁለት ሰዎች «ትወድቂያለሽ!» ብለው ጨምድደው ያዟት። ለመከልከል የሚሆን እጅ ተገኝቷል ማለት ነው። ተክለሃይማኖት ወደ ሰማይ አየና «ፀሐይዋ ልታመልጠን ነው» አለ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ ስልኮች ተነሡ።

ከአለቱ በላይ ሃያ ስድስት ጤነኛ እጆች ነበሩ። ፈርተው ነው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፦ የፈራ ሰው «ፈራሁ» ይላል። እነዚህ ግን የተጸየፉትን ሰው «አሰብንልዎ» አሉት። ክሴ በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ነው።

ወይዘሮ የኔነሽ ዱላውን አልነኩም። አለቱን በግራ በኩል ዞረው አንድ ስንጥቅ አገኙና በክርናቸውና በጉልበታቸው መውጣት ጀመሩ። ፊታቸው ወደ ድንጋዩ፣ ጀርባቸው ወደ ከተማው ነበር። ብርሃኑ መጥቶ ከአፍንጫቸው ፊት ያለውን ድንጋይ አቀላው፤ ዕድሜ ልካቸውን የተመኟት ፀሐይ ከጀርባቸው ወጣች። ከዚያች ንጋት የደረሳቸው ይህ ብቻ ነው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ሰው ቦርሳውን እየዘጋ ነው።

«እንኳን ደረሱ! በሉ፣ እንውረድ» አለ አስተባባሪው።

«ውረዱ። እኔ ገና አሁን መድረሴ ነው።»

ወረዱ። ሌሊሴ ብቻ ቀረች፤ ክርናቸው ሲደማ አይታ በሻርፗ አሰረችላቸው። ወደ ምሥራቅ ዞረው ተቀመጡ።

«ዘነበወርቅ የቱ ጋ ነው?»

ሌሊሴ በጣቷ አሳየቻቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«እማማ! መኪናው ሊሄድ ነው!» የሚል ጥሪ ከታች መጣ።

«አስኮስ የቱ ጋ ነው?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ዓይናቸውን ከከተማው ሳያነሡ።