ጠጠሯ አየር ላይ ሳለች

ፊንሎ ስኪሊኮርን ክፉ ሰው አልነበረም። በላክሲ ሸለቆ ጎረቤት የሚረዳ፣ ሚስቱን የሚያከብር፣ ጸሎት ቤት የማይቀር ሰው ነበር። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ እሱም ኢሊያም ኮርሌት ይባላል።

ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተወልደው በአንድ ቀን ወደ እርሳስ ማዕድን ጉድጓዱ የወረዱ ናቸው። “ማን” የምትባለው የዚያች ደሴት እርሳስ በሆዱ ብር አለው፤ ችግሩ ብሩ ሰው ይመርጣል። ፊንሎ ስድስት ወር ፈልፍሎ ውሃና ጭቃ ሲያገኝ፣ ኢሊያም አጠገቡ ቆሞ ዶማውን ገና ሲያሳርፍ የሚያብረቀርቀው ዱብ ይላል። ሲዘምርም የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። አንድ እሁድ የፊንሎ ሚስት ቮሪ፣ ምን ያለ ድምፅ ነው የሰጠው ብትል፣ ፊንሎ ጨው ዓሣውንም ድንቹንም ሳይቀምስ ዋለ። ቅናት ሆድ ይሞላል መሰለኝ።

ውሃውን ከጉድጓድ የሚስበው ታላቁ መንኮራኩር ከተተከለ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚያ ክረምት የኢሊያም የሥራ ጓደኛ ደረቱን ታሞ ሞተ፤ ኢሊያም ብቻውን ቀረ። ታዲያ የቁፋሮ ቦታ የሚታደልበት የጨረታው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ፊንሎ በዋሻው መታጠፊያ ሲያልፍ ያላሰበውን አየ። ኢሊያም ሻማ ባርኔጣ ላይ የሚለጥፉበትን ጭቃ በእፍኙ እየዘገነ የዓለቱን ፊት ይመርጋል።

ማዕድን ቆፋሪ ለሆነ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ድንጋዩ ደሃ ከመሰለ፣ የማዕድኑ አለቃ፣ ካፒቴኑ፣ ከሚወጣው ሀብት ለቆፋሪው ብዙ ድርሻ ይተዋል፤ ሀብታም ከመሰለ ፍርፋሪ ይጥልለታል። ስለዚህ ብር ያገኘ ሰው ጨረታው እስኪያልፍ የዓለቱን ፊት በጭቃ ይሸፍናል።

ፊንሎ ሳይታይ ወደ ኋላ ተመለሰ። "ደግሞ አገኘ!" አለ ለራሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢሊያምን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ኢሊያም ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ መጣ። ሁለት ጊዜም ፊንሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ቮሪን የለም በይው አላት።

"ምን አደረገህ ሰውዬው?" አለችው ቮሪ።

"ሊሸነግለኝ ነው የሚመጣው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

የጨረታው ቀን ቆፋሪው ሁሉ በቢሮው ደጅ ተሰበሰበ። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ካፒቴኑ ቦታውን ይጠራል፣ ጠጠር ወደ ላይ ይወረውራል፣ ዝቅ ያለ ድርሻ በተጠራ ቁጥር እንደገና ይወረውራል፤ ጠጠሯ ያለ አዲስ ጥሪ መሬት ስትነካ ትንሹን ድርሻ የጠራ ቦታውን ይወስዳል። የኢሊያም ቦታ ሲጠራ ማንም ንቅንቅ አላለም፤ ደሃ ቦታ ነዋ። ኢሊያም ከፓውንዱ አሥር ሽልንግ፣ ማለትም ግማሹን፣ ጠየቀ። ካፒቴኑ ጠጠሯን ወረወረ።

"ስምንት!" አለ ፊንሎ።

ካፒቴኑ ዞር ብሎ አየው። ጠጠሯን አንስቶ እንደገና ወረወረ። ኢሊያም የፊንሎን እጅጌ ያዘና ራሱን ነቀነቀ፤ ካፒቴኑ ፊት ከዚህ በላይ ምን ይናገር? ፊንሎ ግን ሲለመን መሰለው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጣፍጦት አያውቅም። ሌሎቹም ነገሩ ሸተታቸው፣ አንዱ ስድስት አለ። በሦስተኛው ውርወራ ጠጠሯ ስትወርድ ፊንሎ ዓይኑን ጨፍኖ፣

"ሦስት!" አለ።

ጠጠሯ እንደገና ተወረወረች፤ ማንም ሳይጠራ ወደቀች።

በማግስቱ ጭቃውን አጠበ። ክንድ የሚያህል ወፍራም የብር እርሳስ ከላይ እስከ ታች ተጋድሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ይኸው። ካፒቴኑ ሻማ ይዞ መጣ፣ አየ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሳቀ። ከፓውንዱ ሃያ ሽልንግ አሥራ ሰባቱ የማዕድኑ ባለቤቶች ነው። ለፊንሎ የሚቀረው ከድሮው ከባዶው ድንጋይ እምብዛም አይሻልም።

ኢሊያም በዚያ ጨረታ ሌላ ቦታ አልደረሰውም። ወደ ፒል ወደብ ወርዶ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ሊቀጠር፣ ጥቅሉን አንግቶ በፊንሎ ደጅ አለፈ። በዚህ ጊዜ ፊንሎ የሚሸሽበት የጓሮ በር ሩቅ ነበር።

"ጠላቴ ነህ ብዬ አስቤ አላውቅም" አለው ኢሊያም። ድምፁ አልጨከነም። "ሁለት ጊዜ መጣሁ። የሟቹን ቦታ እንድትይዝ፣ አብረን እንድንወርድ ልነግርህ ነበር። ጭቃውን የመረግሁት ለሁለታችን ነው። አሥሩን እኩል ልንካፈል።"

"ለምን እኔን?" አለ ፊንሎ።

"ከአንተ ጋር አይደል የወረድኩት መጀመሪያ?"

ኢሊያም የፒልን መንገድ ይዞ ሄደ። ፊንሎ እንዲያፍር ይጠበቃል፤ አፍሯልም። ከእፍረቱ ሥር ግን የለመደው ነገር ሲነክሰው ተሰማው። እስከዚያ ቀን የሚቀናው በሰውየው ዕድል ነበር፤ አሁን በሰውየው ደግ ልብ ቀና።

ሰኞ ማለዳ ሻማውን በጭቃ ባርኔጣው ላይ ለጥፎ፣ ወደዚያው ብር ብቻውን ወረደ።